እናቴ ክርስትና ልትነሣ የነበረ ጊዜ

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ በድብቅ ክርስትና ልትነሣ መሆኑን ደረስኩበት። ማንም አልነገረኝም፤ በገዛ አፍንጫዬ ነው ያወቅሁት። እስከ ዛሬ በአፍንጫዬ እኮራለሁ። እሱ የሸተተውን ነው የነገረኝ፤ የተሳሳተው ከእሱ በላይ ያለው ጭንቅላቴ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሎስ አንጀለሱ ኦሊምፒክ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እኔ፣ አባቴ ዘይኑዲንና እናቴ መድና ፌርፋክስ ላይ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ካለ አሮጌ አፓርትመንት ላይኛው ፎቅ እንኖር ነበር። ያኔ ሠፈሩ «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚል ታፔላ አልተተከለለትም። የኛ ሰው ሱቅ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የሱቆቹን ግድግዳ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ ከአዲሱ ቀለም ሥር የአይሁዶቹ የድሮ ጽሑፍ ይታያል። አባቴ ታክሲ ይነዳል። እናቴ ቀን ቀን ግሌንዴል ውስጥ ልብስ ትሸጣለች፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ከሥራ መልስ «ክላስ አለኝ» ብላ ኮሌጅ ትሄዳለች። ምን እንደምትማር ጠይቄ አላውቅም። ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ክላስ አላቸው፤ አንዱ ኮምፒዩተር፣ አንዱ ነርሲንግ፣ አንዱ ታክስ።

ከኛ ሥር እትዬ እታገኘሁ ከልጅ ልጃቸው ከሰርካዲስ ጋር ይኖራሉ። ሰርካዲስ የኔ እኩያ ነች፤ በአንድ ክፍል እንማራለን፣ በአንድ ደረጃ ላይ ተቀምጠን እንጣላለን። ሁለቱ ቤቶች በሥጋ እንለያያለን፣ በሽሮ እንገናኛለን። እነሱ ሲጾሙ እኛ ጋ ምስር ይበዛል፣ እኛ ስንጾም ማፍጠሪያው ሾርባ ከታች ይመጣል። እናቴም አባቴም የወሎ ልጆች ስለሆኑ ይሄ ለእነሱ ወግ ተደርጎ የሚወራ ነገር አይደለም። እኔ ግን እዚሁ የተወለድኩ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርዓን የሚያስቀሩኝ ሼህ ስለ ጀሐነም አንዴ የነገሩኝን አልረሳሁም።

በዚያ ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ፣ ቤታችን የጧፍ ሽታ ገባ። የጧፍን ሽታ ከእትዬ እታገኘሁ ቤት አውቀዋለሁ፤ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ከነጠላቸው ሥር እሽግ ጧፍ ያኖራሉ፣ ሳጥኑ ሲከፈት ማር ማር የሚል ሽታ ይወጣል። ያው ሽታ ከእናቴ ሻሽ ላይ መጣ። ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ላይ መጣ። ከጧፉ ሽታ ኋላ ደግሞ አፍንጫን የሚቧጥጥ፣ ዓይን የሚያቃጥል ሌላ ሽታ ነበር፤ ያንን አላወቅሁትም።

«እናትሽ ጧፍ ጧፍ ትሸታለች» አለችኝ ሰርካዲስ ደረጃው ላይ።

«አትሸትም።»

«ትሸታለች። አይ ፕሮሚስ። አያቴንም ሳይሸታት አይቀርም። ክርስትና ልትነሣ ነው መሰለኝ።»

«ትልቅ ሰው ክርስትና ይነሣል እንዴ?»

«ይነሣል እንጂ!» አለች፤ ሰርካዲስ የማታውቀው ነገር አልነበረም። «ነጭ ይለብሳል፣ ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ውሃ ይደረግበታል። ጎኑ የሚቆምለት ሰው ግን መኖር አለበት። የሚቆምለት ከሌለ አይሆንም።»

«ለእናቴ ማን ይቆምላታል?»

«አያቴ ትሆናለቻ። ሶ፣ ለዚህ ነው ሁለቱ የሚንሾካሾኩት።»

ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገንፎውን ሁሉ መበርበር ያዝኩ። የምፈልገውም አልጠፋም። እናቴ ሥራ በማትገባባቸው ቀናት ከምሳ በኋላ ከአፓርትመንቱ ኋላ ወዳለው ጋራዣችን ትወርዳለች። እኔ እንዳልገባ ተከልክያለሁ። ለምን ስል «ለልጅ አይሆንም» ተብያለሁ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ እንደ ድሮው ቴሌቪዥን ከፍቶ አይጋደምም፤ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ሲወጣ ዓይኑ ቀይ ነው፣ አፍንጫውን ይጠርጋል። አባቴ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። አባቱ መሞታቸውን በስልክ የሰማ ዕለት እንኳ ስልኩን አስቀምጦ ውዱእ አድርጎ ሰገደ እንጂ ፊቴ አላለቀሰም። አሁን ግን በየቀኑ የሚያለቅስ መሰለኝ። ሚስቱ ሃይማኖቷን ልትለውጥ ነው፣ ምን ያድርግ፣ እያልኩ አዘንኩለት።

አንድ እሑድ ጠዋት ጩኸት ሰምቼ ከአልጋዬ ተነሣሁ። እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ የበረንዳው መስታወት በር ላይ ቆማለች። በሩ ተቆልፏል። ከመስታወቱ ወዲያ አባቴ በካናቴራ ብቻ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ትንሽ ድስት በጉልበቶቹ መሐል ይዟል፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። እናቴ እጇን እያወራጨች በመስታወቱ ውስጥ ትጮኽበታለች።

«ቀስ! ቀስ በል አልኩህ እኮ! በአንዴ አይደለም!»

«በቃ በይኝ እስቲ!» አለ አባቴ፤ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ነው የሚሰማው።

«አልበቃም! ማማሰሉን አታቁም!»

«ዓይኔ ጠፋ እኮ መድና!»

«አንዱ ይበቃሃል፣ አማስል!»

አለቀስኩ። እናቴ ደንግጣ ዞረች። «ምን ሆንሽ ራዲያ?»

«አባዬን አስገቢው!»

«አይገባም። ሽታው እስኪለቀው እዚያው ይቆያል» አለችኝ፤ ትንፋሽዋ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር፣ ፊቷ ግን የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። አባቴ በመስታወቱ አየኝ። በክንዱ እንባውን ጠረገና ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ «አብሽሪ» አለኝ። በወሎ አማርኛ አይዞሽ ማለት ነው። ራሱ ከቤት ተባሮ እኔን አይዞሽ ይላል አልኩና ይበልጥ አለቀስኩ።

ዛሬ ግሌንዴል ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ቅባት የማዋሐድበት ቀን ሁሉ ያ በረንዳ ትዝ ይለኛል፤ አባቴ ያን ጠዋት ይሠራ የነበረው ከኔ ሥራ ብዙም የራቀ አይደለምና። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ትልቅ ድስት ውሃ ላይ ትንሽ ድስት አስቀምጦ የንብ ሰም ያቀልጣል። ከእሳቱ ያወርደዋል። እሳት የሌለበት በረንዳ ላይ ይወጣና እናቴ በአዲስ አበባ ቀለም ቤቶች ልማድ «አኳራጅ» የምትለውን ተርፐንታይን ጠብ ጠብ እያደረገ፣ ሰሙ ቀዝቅዞ እንደ ለጋ ቅቤ እስኪሆን ያማስለዋል። ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ይከደናል። ሠዓሊው በፈለገው ጊዜ ከዘይት ቀለም ጋር እኩል በኩል ለውሶ፣ እሳት ሳያስፈልገው፣ በቀዝቃዛው ይሠራበታል። ይሄ ሁሉ እናቴ ብቻዋን ትሠራው የነበረ ሥራ ነው። ብቻዋን የማትሠራበት ምክንያት የመጣው በዚያው ክረምት ነው።

እናቴ አርግዛ ነበር። አምናም አርግዛ ነበር፣ አልጸናላትም። እኔ ያን ጊዜ «እማዬ ጉንፋን ይዟት ሆስፒታል ተኛች» ተብዬ አልፎኛል። በኛ ቤት ሆድ ካልገፋ እርግዝና አይወራም፤ ለጎረቤትም ለልጅም። ሐኪሟ ተርፐንታይን እንዳትተነፍስ አጥብቃ ስትከለክላት፣ ለኔ ስለ ተርፐንታይኑ ቢነግሩኝ ለምን ማለቴ አይቀርም፣ ለምን ካልኩ ደግሞ ሆዷ ጋ እደርሳለሁ። ስለዚህ ምንም አልነገሩኝም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ እኔ ግን በራሴ ሊጥ ክረምቱን ሙሉ ጋገርኩ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ እታገኘሁ መጡ። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ አስቀመጠቻቸው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ለአሻንጉሊቴ ጫማ አጠልቃለሁ፤ ጫማው አንድ ሰዓት ሙሉ አልገባ አለ።

«ለልጅቷ ነገራችኋት?» አሉ እትዬ እታገኘሁ።

«አልነገርናትም። እርግጡ ይታወቅና ነው።»

«ደግ አደረጋችሁ። የሰው ዓይን መጥፎ ነው። እሱስ ምን አለ?»

«እሱማ…» አለች እናቴ። «እኔ እኮ ልተወው ብዬ ነበር እትዬ። አንዴ ትቼው አልሞትኩም፣ አሁንም አልሞትም አልኩት። እሱ ነው እምቢ ያለኝ። ‹አንዴ ትተሽዋል፣ ሁለተኛ አትተይውም፣ ወላሂ አትተይውም› ብሎ ማለብኝ።»

«ይባርከው! እንዲህ ያለ ወንድ የታለ ዛሬ» አሉ እትዬ እታገኘሁ። ቀጥሎ ቦርሳ ሲከፈት ሰማሁ። አጮልቄ አየሁ። ከቦርሳቸው ውስጥ አንድ እሽግ ጧፍ አውጥተው እናቴ እጅ ላይ አስቀመጡ። «ያን ማር ነጋዴ እስኪመለስ አትጠብቂ። ጊዜው ሊቆምልሽ ነው? ይሄን ውሰጂ።»

«እትዬ፣ እንዴት አድርጌ? የቤተ ክርስቲያን አይደለም?»

«ገና አልሰጠሁትም፤ እጄ ላይ እስካለ የኔ ነው። እኔ ከእሱ ጋር እታረቃለሁ።»

እናቴ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። ይሄን ካየሁ በኋላ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። «ልተወው» ያለችው ሃይማኖቷን ነው። አባቴ በወላሂ ሊያስቀራት ሞክሯል። እሷ ግን ጧፏን ተቀብላለች።

የተወችው ሥዕልን ነበር፤ ማር ነጋዴውም የንብ ሰም የሚሸጥላት ሰው ነው፣ እሱ ከከተማ ስለወጣ ጧፉ በሰሙ ፋንታ ሊቀልጥ ነው። ልጅ ሳለች አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብታ ሁለት ዓመት ተምራለች። ከክፍሏ ሴቶቹ ጥቂት ነበሩ፣ ከሐይቅ የመጣች ሙስሊም ሴት ደግሞ እሷ ብቻ። ጊዜው ሲከፋና አብረዋት የሚማሩት እየታፈሱ ሲጠፉ ብሩሾቿን ትታ ወጣች፤ አባቴን አገባች፣ አሜሪካ መጣች፣ እኔን ወለደች፣ ልብስ ሸጠች። እኔ ነፍስ እስካውቅ ድረስ እጇ ላይ ቀለም አላየሁም። ኮሌጅ የጀመረችው አባቴ ራሱ በታክሲ ወስዶ በሩ ላይ ካወረዳት በኋላ ነው። እዚያ መምህርቷ ይሄን የቀዝቃዛ ሰም አሠራር ስታሳያቸው እናቴ የራሷን እጅ እንደገና ያገኘች መሰላት። ክረምቱ ሲያልቅ ኮሌጁ ትልቅ ኤግዚቢሽን ያደርጋል፤ ሥራውን የሚመርጡት ከውጭ የመጡ ዳኞች ናቸው። መግባት ፈለገች። እርግዝናውም በዚያው መጣ። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ የተባለች መሰላት፣ መረጠችም። አባቴ ነው ምርጫውን ያልተቀበለው።

ሰም ሥዕል ላይ መግባቱን የሰማ የፌርፋክስ ሰው ሁሉ «ወርቁስ የታለ?» ብሎ ይቀልድባቸው ነበር አሉ። እያንዳንዱም ቀልዱን መጀመሪያ የፈጠረው እሱ ይመስለዋል። አባቴ «ወርቁን ባንክ አስገብተነዋል» እያለ ያልፋቸው ነበር።

ጋራዡን ያየሁት ከጧፉ ቀን በኋላ ነው። የመኪና መግቢያው በር እስከ ጣራው ተከፍቷል። ትልቅ ቬንቲሌተር ወደ ውጭ ይነፋል። መሬት ላይ፣ ሁለት ወንበሮች መሐል፣ እንደ በር የሚያህል ኮምፔንሳቶ ተጋድሟል። አባቴ አጎንብሶ በሰፊ ስፓቱላ ግራጫ ነገር ይለጥፍበታል፤ ሥራው ስቱኮ የሚለጥፍ ግንበኛ ሥራ ነው። እናቴ ከጋራዡ ውጭ፣ ነፋሱ በማይመጣበት በኩል፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዝዘዋለች።

«ወደ ግራ። ሳሳ አድርገው። አይ፣ አሁን ካርታውን ሸፈንከው!»

ካርታው የአባቴ ታክሲ ውስጥ የሚቀመጠው የሎስ አንጀለስ የመንገድ ካርታ መጽሐፍ ነው። አሮጌው ተቀዳዶ አዲስ ሲገዛ የአሮጌውን ገጾች እናቴ ሰሌዳው ላይ ለጥፋቸዋለች፤ ፓልምስና ኮሪያታውን የሚባሉት ሠፈሮች በሰሙ ሥር ገርጥተው ይታያሉ።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?» አልኩ ከሩቅ።

ሁለቱም ደነገጡ። «ግድግዳ ነው» አለች እናቴ።

እውነቷን ነበር። ከኛ ሕንፃ ፊት ለፊት ያለውን፣ የአይሁዱ ጽሑፍ በእንግሊዝኛው፣ እንግሊዝኛው በአማርኛው የተሸፈነበትን የሱቅ ግድግዳ ነበር የምትሥለው። እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው። ጭራሽ የምትጠመቅበትን ቤት ግድግዳ አባቴን ታስለጥፈዋለች አልኩ። አባቴ ቀና ብሎ በቀይ ዓይኑ ሳቀብኝ። ጀግና ነው አልኩ በልቤ። ይሄኛውንስ አልተሳሳትኩም።

ለጥቂት ቀናት ሰሌዳው ክፍት ጋራዥ ውስጥ ቆየ፣ ሽታው ወጣለት። ከዚያ አባቴ ወጣ፣ እናቴ ገባች። እሱ ይለጥፋል፣ እሷ ትፍቃለች፤ አሠራራቸው እንዲህ ነበር። የእናቴን አፋፋቅ ለማየት ከከለከሉኝ ቦታ አንድ እርምጃ ገባሁ፤ አልተቆጣችኝም። በስፓቱላው ጠርዝ ግራጫውን ስትገፈው ከሥሩ ቢጫ ወጣ። ቢጫውን በሹካ ስትጭረው ከሥሩ የጡብ ቀለም ወጣ። አንዳንዱን ቦታ እስከ ካርታው ድረስ ወረደች። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ አንዴ እየቀረበች አንዴ እየራቀች ስትሠራ ያቺ ሴት ልብስ የምትሸጠው እናቴ አልነበረችም። ልክ ቁርዓን የሚያስቀሩኝ ሼህ ድምፃቸው ሲያምርላቸው የሚሆኑትን ሆነች። ከቀለጠው ጧፍ ውስጥ ተጣርተው የቀሩትን የጥጥ ክሮችም አልጣለቻቸውም፤ ሰሙ ሳይጠና በፊት አንድ ባንድ ጫነቻቸው፣ በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ሆኑ።

«እማዬ፣ ከላይ ያለውን ስትፍቂው የታችኛው አይጎዳም?» አልኳት።

«አይጎዳም። የታችኛው እኮ ደርቋል። የትም አይሄድም፣ እዚያው ነው።»

ለሃይማኖቷ የመለሰችልኝ መስሎኝ ትንሽ ተጽናናሁ። የሆነችውን ብትሆን የታችኛው እዚያው ካለ ግድ የለም አልኩ። ያን ቀን ማታ በአልጋዬ ላይ ወሰንኩ። ጀሐነምን እፈራለሁ፣ ግን እናቴ በሰው ፊት ብቻዋን አትቆምም። እትዬ እታገኘሁ በአንድ ጎኗ ከቆሙ በሌላው ጎኗ እኔ አለሁ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ነጭ ቀሚስ ለበሰች። እትዬ እታገኘሁም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሰርካዲስን ሽሩባ አሠርተው መጡ። አባቴ «ሥራ አለኝ፣ ቀድማችሁ ሂዱ፣ እደርሳለሁ» ብሎ ጠዋት ወጥቷል፤ አልደርስም ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምኩት። የዒድ ነጭ ቀሚሴን ራሴ አውጥቼ ለበስኩ።

«ዛሬ ምን አስለበሰሽ?» አለች እናቴ።

«ዝም ብዬ።»

ኮሌጁ ሰፊ አዳራሽ ነበረው። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ፣ ሰዉ በሹክሹክታ የሚያወራበት። ሰርካዲስ ክንዴን ጨብጣ «ሲ?» አለችኝ፤ ሁሉም እሷ እንዳለችው ነው። ውሃውን ፈለግሁ። አንድ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ጭማቂና ብስኩት እንጂ ውሃ የለም። ከዚያ ዞር ስል ግድግዳው ላይ ግድግዳችንን አየሁት። ተሰቅሏል። ጋራዥ ውስጥ ተጋድሞ ሳየው ግራጫ ነበር። ቆሞ፣ መብራት በርቶበት፣ እናቴ በለስላሳ ጨርቅ ወልውላው፣ ሰሙ ውስጥ ውስጡን እያበራ ሌላ ነገር ሆኗል። ቢጫው፣ የጡብ ቀለሙ፣ የአባቴ መንገዶች፣ የእትዬ እታገኘሁ ክሮች፣ ሁሉም በየተራቸው ይታያሉ። ከሥሩ በትንሽ ወረቀት ላይ የእናቴ ስም ከነአባቷ ስም ተጽፏል። ሰዎች ከፊቱ ይቆማሉ፣ ራቅ ይላሉ፣ መልሰው ይጠጋሉ። አንዲት ሽማግሌ ነጭ ሴት በዓይኗ ብቻ አልጠግብ ብላ ጣቷን ልትሰድ ስትል እናቴ «ፕሊዝ፣ ዶንት» አለቻት፤ አነጋገሯ እንደ ባለቤት ነበር።

አባቴ ደረሰ። የሚጠብበውን ብቸኛ ሱፉን ለብሷል፣ ላብ በላብ ነው። አንድ ረጅም ሰውዬ ሱፉን አይቶ እጁን ዘረጋለት፤ «አር ዩ ዚ አርቲስት?»

«ኖ ሰር» አለ አባቴ። «አይ አም ዘ ድራይቨር። ማይ ዋይፍ ኢዝ ዚ አርቲስት።»

መምህርቷ በወረቀቱ ላይ የሁለታችሁም ስም ይግባ ብላ እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እናቴም ለምናዋለች። አባቴ ግን «ታክሲ የሚነዳ ሰው መንገዱ የኔ ነው ይላል? ወዴት እንደሚኬድ የምታውቀው እሷ ነች» ብሎ እምቢ አለ። ዛሬም ብጠይቀው ያንኑ ይላል።

እኔ ያን ቀን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም። ትዕግሥቴ አለቀ። የአባቴን ኮት ጎተትኩ። «አባዬ፣ ውሃው የታለ?»

«ጠማሽ?»

«እማዬ ክርስትና የምትነሣበት ውሃ።»

ድምፄን አልቀነስኩም ኖሯል። እትዬ እታገኘሁ መጀመሪያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፣ ከዚያ ተንፈቅፍቀው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰርካዲስ «እኔ እንኳ አላልኩም!» አለች ወዲያው። እናቴ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች፤ ነጩ ቀሚስ ከሆዷ ላይ ትንሽ ከፍ ማለቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወንድሜ ሀቢብ ነው። ሙሉ ጤነኛ ሆኖ በየካቲት ተወለደ፣ ዛሬ ከአባቴ በቁመት ይበልጣል።

አባቴ አልሳቀም። ጠባቡ ሱፍ እየታገለው ፊቴ ቁጭ አለ። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ያሰብሽው?»

«ስታለቅስ ካየሁህ ጀምሮ።»

ገባው። ዓይኑን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገ፣ ስለ ተርፐንታይኑና ስለ ሆዷ በአጭሩ ነገረኝ። «ለመሆኑ» አለ ዝቅ ብሎ፣ «እውነት ሆኖ ቢሆን አንቺ ምን ልታደርጊ ነበር?»

«ጎኗ ልቆም ነበር» አልኩት። «የሚቆምላት ሰው ከሌለ አይሆንም።»

አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«እኔም» አለ።

ያኔ አንድ የኮሌጁ ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ልጅ እናቴን ከሥዕሏ ፊት አቆማት። አባቴ እጄን ይዞ ተነሣና በአዳራሹ መሐል አቋርጠን ሄድን፤ እሱ በቀኝዋ፣ እኔ በግራዋ ቆምን። እናቴ ወደ ታች አይታኝ ጣቶቼን ጨበጠች። ልጁ ካሜራውን ዝቅ አደረገና በትሕትና «ጀስት ዚ አርቲስት፣ ፕሊዝ» አለን፣ በእጁም ወደ ጎን እንድንል አሳየን። አባቴ ተሳፋሪ ግራ ሲለው ግራ፣ ቀኝ ሲለው ቀኝ፣ ቀኑን ሙሉ «የስ ሰር» ሲል የሚውል ሰው ነው። ኮቱን ቆለፈ፣ ደረቱን ነፋ፣ «ኖ ሰር» አለ። ልጁ ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። ወይ ፍንክች!